ፕላስተሩ ለምን ተላቀቀ፣ ስፌቱስ ለምን አፈሰሰ? በብስክሌት ጉዞ ላይ የተቀደደ ድንኳንን ስለ መጠገን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከሐዋሳ ተነሥተው በሻሸመኔና በአላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በብስክሌት ሲጓዙ፣ በሁለተኛው ሌሊት የድንኳናቸው የላይ ሽፋን አውታር ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ጀምሮ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀደደ። በዚያው ሌሊት በባትሪ ብርሃን ከውስጥ በኩል ፕላስተር ለጠፉበት፤ ሲነጋ ፕላስተሩ ተንጠልጥሎ አገኙት። ሶዶ ሲደርሱ ልብስ ሰፊ በመኪና ሰፋላቸው፤ በማግስቱ ሌሊት ዝናቡ በስፌቱ ላይ እየተንጠባጠበ ገባ። ወለሉንም በሁለት ቦታ እሾህ በስቶታል። አሁን ወደ ሐዋሳ ተመልሰዋል፤ «ድንኳኑ ይጠገናል ወይስ ልጣለው? መንገድ ላይስ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይጠገናል። እዚሁ ሐዋሳ በጨርቅና በሸራ ጥገና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ወደ እኔ ከመጡት የተቀደዱ ድንኳኖች አብዛኞቹ መጣል የማያስፈልጋቸው ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ቅዳድ ይልቅ የጎዳቸው በችኮላ የተደረገላቸው ጥገና ነው። የድንኳን ጨርቅ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የነፋሱንና የአውታሩን ጉተታ ይሸከማል፣ ውኃም ያግዳል። ጉተታውን የሚሸከመው ድርና ማጉ ሲሆን፣ ውኃውን የሚያግደው በጨርቁ ገጽ ላይ የተቀባው ስስ ልባስ ነው። ፕላስተርዎ ውኃውን ሊያግድ ይችል ነበር፤ ጉተታውን ግን አልቻለውም። የልብስ ሰፊው ክር ጉተታውን ቻለው፤ ነገር ግን መርፌው በወጋ ቁጥር ልባሱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ተከፈተ። ሁለቱም ግማሽ ሥራ ሠርተዋል። ስለዚህ ክርም ሆነ ማጣበቂያ ከማንሣታችን በፊት፣ ያ ቦታ ምን ተሸክሞ እንደነበር መጠየቅ አለብን፤ የእርስዎ ቅዳድ የጀመረው ከአውታሩ ማሰሪያ ሥር ስለሆነ፣ ክርም መጣፊያም የሚፈልግ ቅዳድ ነው።

ቀጥሎ የልባሱን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የዛሬዎቹ የጉዞ ድንኳኖች በአብዛኛው ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሠሩ ናቸው፤ ልባሳቸውም ወይ ፖሊዩሪቴን ወይ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ላይ ከራሱ ከሲሊኮን በቀር ጸንቶ የሚጣበቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ፖሊዩሪቴን ላይ ደግሞ ሲሊኮን ቢቀቡበት ከጊዜ በኋላ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሣል። ለመለየት ድንኳኑን ገልብጠው የውስጡን ስፌቶች ይመልከቱ። በስፌቶቹ ላይ የጣት ስፋት ያህል የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥብጣብ ከፋብሪካው ተለጥፎ ካገኙ የውስጡ ገጽ ፖሊዩሪቴን ነው፤ ያ ጥብጣብ ሲሊኮን ላይ አይያዝምና። ጥብጣብ ከሌለ፣ ከማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ ስኮች ለጥፈው በአውራ ጣት ከተጫኑ በኋላ ይላጡት፤ ቅቤ በተቀባ ሰሃን ላይ እንደ ተለጠፈ ያለ ትግል ከተነሣ ሲሊኮን ነው። ከውጭ ሲሊኮን፣ ከውስጥ ፖሊዩሪቴን የተቀቡ ድንኳኖችም ስላሉ፣ ፈተናው በሁለቱም ገጽ መደረግ አለበት። እርስዎ በላኩት ፎቶግራፍ ላይ ጥብጣቡ በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህ ሥራችን ከውስጥ በኩል፣ በፖሊዩሪቴን ገጽ ላይ ነው።

ታዲያ ልባሱ ፕላስተር የሚቀበል ከሆነ ፕላስተሩ ለምን አልያዘም? ሌሊት ላይ የሰው ትንፋሽ ወደ ቀዘቀዘው የላይ ሽፋን ወጥቶ በውስጠኛው ገጹ ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ በባትሪ ብርሃን ባይታይ እንኳ መዳፍዎን ቢያሳርፉበት ቅዝቃዜው ይነግርዎታል። ከዚያ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። ማጣበቂያ እርጥብና አቧራማ ገጽ ላይ የሚያገኘው ውኃውንና አቧራውን እንጂ ጨርቁን አይደለም። በዚህም ላይ ድንኳኑ እንደ ተወጠረ ስለ ለጠፉት፣ ገና ያልያዘ ፕላስተር ወዲያውኑ ነፋስ ይጎትተው ጀመር።

ለሌሊት የምመክረው እንግዲህ ለመጠገን አለመሞከርን ነው። ሌሊት የሚሠራው ሥራ ቅዳዱ እንዳይረዝም ማድረግ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ቅዳዱ ያለበትን ጎን አውታር ያላሉ፤ የተወጠረ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጫፉ ከተከፈተ ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ይረዝማል። ከዚያ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ላይ ሰብስበው በመርፌ ቁልፍ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ይያዟቸው። የአውታሩ ማሰሪያ ራሱ ተገንጥሎ ከሆነ ደግሞ እድሜ ያለው ዘዴ አለ፦ የእንቁላል ግማሽ የምታህል ልሙጥ ጠጠር ፈልገው፣ ከቅዳዱ አለፍ ብሎ ጤነኛ በሆነው ጨርቅ ከውስጥ ያስገቧትና ከውጭ በኩል አንገቷን በገመድ ያንቁት፤ ጨርቁ ጠጠሯን አቅፎ እንደ ቁልፍ ይይዛታል፤ አውታሩን ከዚያች አንገት ላይ ያስራሉ። ቀዳዳ ሳይከፍት፣ ስፌት ሳይፈልግ እስኪነጋ ያደርሳል። ጠጠሯ ልሙጥ መሆኗን አጥብቀው ያረጋግጡ፤ በእኛ የስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ባልጩት ሞልቷል፣ የባልጩት ጠርዝ ደግሞ እንደ ምላጭ ነው።

ዋናው ጥገና የሚጀመረው ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ጨርቁን ሞቅ ሲያደርገው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወዲህ ነው። የላይ ሽፋኑን ከምሰሶዎቹ አውርደው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያንጥፉት፤ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ጠረጴዛ መለመን ይቻላል፣ ካልሆነም የተገለበጠ ትሪ ይበቃል። ቅዳዱን ከዙሪያው ጋር በውኃና በጥቂት ሳሙና ጠርገው፣ ሳሙናውን አጥበው፣ ካደረቁት በኋላ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያብሱት። ለእጅ የሚቀባውን ሳኒታይዘር ግን አይጠቀሙ፤ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ ግሊሰሪኑ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ማጣበቂያውን ያባርረዋል። ቤንዚንና ቲነርም ልባሱን ይበሉታል።

አሁን ክር። አሥር ሳንቲ ሜትር ከማይሞላና ከአውታር ርቆ ካለ ቅዳድ ላይ ክር አያስፈልግም፤ መጣፊያ ብቻ ይበቃዋል። የእርስዎ ዓይነቱ ግን አስቀድሞ ጠርዙ ከጠርዝ መገናኘት አለበት። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ውኃ ይጠጣል፣ እርጥበት ላይ ሲቆይም ይበሰብሳል። ከሱቅ የገዙትን ክር ካላወቁት ጫፉን በክብሪት ይንኩት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። መርፌው ገበያ የሚገኘው ቀጭኑ ይሁን። ሁለቱን ጠርዞች ሳያነባብሩ ጎን ለጎን አስተካክለው፣ ሳያጨማድዱ፣ ከወዲያ ወዲህ በሰፊው ይዘምዝሟቸው፤ በስፌት መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መርፌው የሚገባባቸው ቦታዎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንዳይውሉ፣ አንዱን ከጠርዙ ራቅ፣ ቀጣዩን ቀረብ እያደረጉ ይስፉ፤ ቀዳዳዎቹ ከተሰለፉ ጨርቁ ልክ እንደ ደረሰኝ ወረቀት በዚያው መስመር ላይ ተቀድዶ ይወርዳል። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር እየተሻገረበት የሒሳብ ደብተር የመሰለ ጨርቅ ከሆነ፣ ከወፍራሙ ክር አልፈው ቢወጉ ያ ክር ስፌትዎን ይይዝልዎታል።

በስፌቱ ላይ መጣፊያ ይለጠፋል። ለዚህ የሚሆን ልዩ ጥብጣብ ከውጭ ይመጣል፤ ካለዎት ጥሩ ነው። ከሌለዎት እኔ ለዓመታት ስጠቀምበት የኖርኩት የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ነው፤ ቀጭን፣ ጠንካራና ውኃ የሚገፋ ነው፣ በየሰፈሩም ተጥሎ ይገኛል። የማዳበሪያ ከረጢት ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራበት ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልም። መጣፊያው ከቅዳዱ በሁሉም አቅጣጫ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ማዕዘኖቹንም በአንድ ብር ሳንቲም ዙሪያ መስመር አስምረው በክብ ይቁረጧቸው። ሹል ማዕዘን ድንኳኑ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቀድሞ የሚነሣ ነውና፣ ከተነሣም የቀረውን ይዞ ይነሣል። የመጣፊያው ድርና ማግ ከድንኳኑ ድርና ማግ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይዋል፤ አለበለዚያ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው አብሮት ስለማይሄድ ጠርዙ ይጨማደዳል።

ስለ ማጣበቂያ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ ብዙ ድንኳን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የተሻለው ሲደርቅም የሚለጠጥ የዩሪቴን ማጣበቂያ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ያስመጡ። እዚህ በቀላሉ የሚገኘው ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነው፤ በአግባቡ ከተሠራበት ይይዛል። አግባቡም የሚከተለው ነው፦ ጨርቁንም መጣፊያውንም በስሱ ይቀቡና፣ ሳያገናኙ፣ በጣት ሲነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን 10 ወይም 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ ከአንድ ጫፍ ጀምረው አየር እያስወጡ ያሳርፉትና በጠርሙስ ጎን እየተጫኑ ከመሐል ወደ ዳር ይዳምጡት። በእርጥቡ ማገናኘት የተለመደ ስሕተት ነው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ግን ፈጽሞ አይቀቡት፤ ጭሱ ለጤና አደገኛ ነው። አስቀድመውም ከማይታይ ጥግ ላይ ጠብታ ያህል ሞክረው ልባሱ አለመቅለጡን ይዩ። ካላማዳሪ ለመለጠፍ ከብስክሌትዎ ጋር የያዙት ሙጫ ለጎማ የተሠራ ስለሆነ ጨርቅ ላይ የሚያቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ነው፤ ሌላ ከሌለ ይጠቀሙበት፣ ግን አይመኑት። ድንኳኑ ሲሊኮን የተቀባ ለሆነ አንባቢ ደግሞ ለመስኮትና ለመስተዋት ሥራ በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ይሠራል፤ በስሱ ተቀብቶ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ መድረቅ አለበት።

ሱፐር ግሉ ግን በምንም መንገድ አይንኩ። ከዓመታት በፊት ላንጋኖ ዳር ነፋስ የቀደደብኝን የራሴን ድንኳን በችኮላ በሱፐር ግሉ ለጥፌው ነበር። ወዲያው ያዘ፤ ደስም አለኝ። ጠዋት አጥፌ ብስክሌቱ ላይ ስጭነው የደረቀው ሙጫ እንደ ብርጭቆ ተሰነጠቀና ስንጥቁ ጨርቁን አብሮ ቆረጠው፤ አራት ሳንቲ ሜትር የነበረው ቅዳድ አሥራ ሁለት ሆነ። ድንኳን በየቀኑ የሚታጠፍ ዕቃ ነው፤ ደርቆ የሚጠነክር ማንኛውም ነገር ቦታው እዚያ ላይ አይደለም።

ወደ እርስዎ ድንኳን ስመለስ፣ ሶዶ ላይ የተሰፋውን ስፌት እንዳይፈቱት እለምንዎታለሁ። ክሩ ቢወጣ ቀዳዳዎቹ አይዘጉም፤ ሁለተኛ ሲሰፋ ደግሞ እጥፍ ይሆናሉ። ስፌቱን እንዳለ ትተው፣ ከውስጥ በኩል አጽድተው፣ ሙሉ ርዝመቱን የሚሸፍን 36 በ8 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የጃንጥላ ጨርቅ በማስቲሽ ይለጥፉበት። ከውጭ በኩል ደግሞ በስፌቱ መስመር ላይ የዩሪቴን ማጣበቂያ ካገኙ በጥርስ እንጨት ጫፍ በስሱ ያስኪዱበት። በአውታሩ ማሰሪያ ሥር ሌላ ሁለተኛ ክብ መጣፊያ፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል፣ ደርበው ይጨምሩ፤ ቅዳዱ የተነሣው ከዚያ ነውና። ወደፊት ልብስ ሰፊ ጋ መሄድ ግድ ከሆነብዎ፣ ቀጭን መርፌ እንዲያስገባ፣ የስፌቱን እርምጃ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር እንዲያደርገውና በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ እንዳይመላለስ ይንገሩት። ወፍራም ጨርቅ የለመደ እጅ «እንዲጠነክር» ብሎ ስፌቱን ያጠጋጋል፤ በስስ ናይለን ላይ ይህ መቁረጥ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሠርተው የወጡ ሰፊዎች ቀጭን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይዘው ስለሚያውቁ፣ ይህን ሲነግሯቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

የወለሉ ጉዳይ ይለያል። ወለል ጉተታ የለበትም፤ ያለበት ግፊት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ሲንበረከኩ ክብደትዎ በሙሉ በጉልበትዎ ሥር ስለሚያርፍ፣ በመርፌ ቀዳዳ እንኳ ውኃው ተገፍቶ ይገባል። ስለዚህ ስፌት የለም፤ ከውስጥም ከሥርም የሳንቲም ያህል ክብ የሆነ መጣፊያ ይለጠፋል። የእሾህ ቀዳዳ ለዓይን አይታይም። ሲመሽ አንድ ሰው ከሥሩ በስልኩ ባትሪ እያበራ፣ ሌላው ከላይ የብርሃኑን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግበት፤ ሁለት ያሉት ብዙ ጊዜ አምስት ሆኖ ይገኛል። ለመከላከያ ከግራር ሥር አይስፈሩ፤ ጥላው ቢያጓጓም የወደቀው እሾህ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል። ከወለሉ ሥር የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ማንጠፍ ጥሩ ነው፤ ለመለጠፍ ያልሆነው ለዚህ ይሆናል። ነገር ግን ከድንኳኑ ወለል በሁሉም በኩል አራት ጣት ያህል ይነስ፤ ከወጣ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ከእርስዎ ሥር ያቁረዋል።

መረቡ ከተበሳ ችላ አይበሉት። ሐዋሳም ሆነ እስከ አርባ ምንጭ ያለው ቆላማ መንገድ የወባ አካባቢ ነው። ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ አጎበር ትንሽ ቆርጠው በቀጭን ክር ዙሪያውን ይስፉት፤ ለዚህ ሲባል ግን ጤነኛ አጎበር አይቆረጥ። ዚፑ ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ ከኋላው እየተከፈተ ከሆነ፣ ያረጀው ወዲያ ወዲህ የሚሄደው የዚፑ ራስ ነው፤ ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ በጣም በቀስታ ጫን ቢያደርጓቸው ይመለሳል። አቧራውን በጥርስ ብሩሽ አራግፈው ሻማ ያሹበት፤ የካቴና ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ አይሆንም።

ብስክሌተኛ ድንኳን ላይ የሚደርስ፣ በእግር የሚጓዝ ሰው የማያውቀው ጉዳት ደግሞ አለ። በኮረኮንች መንገድ ላይ የኋላ መጫኛው ብረት ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቅሉ የብሎን ጫፍ ላይ ካረፈ፣ ሲዘረጋ በየእጥፋቱ አንድ አንድ እየተደገመ የተደረደረ ቀዳዳ ያገኛሉ። ምሰሶዎቹንና ካስማዎቹን ከጨርቁ ጋር አብረው አይጠቅልሉ፤ በመጫኛውና በጥቅሉ መካከልም አሮጌ ሹራብ ያድርጉ። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጭነት ለማሰር ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ ከእሱ የጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጠው በአውታሩና በድንኳኑ ማሰሪያ መካከል ያስገቡ። ነፋስ ሲመታ ጎማው ይለጠጥና ምቱን ይውጠዋል፤ ይህ ቀለበት ቢኖር ኖሮ የእርስዎ ድንኳን ያን ሌሊት ባልተቀደደ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መቼ ይጣላል? ልባሱ ራሱ ሲያልቅ። እርጥቡን ተጠቅልሎ የከረመ የፖሊዩሪቴን ልባስ ይፈርሳል፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይለጠፋል፣ እንደ ትውከት ያለ መጥፎ ሽታ ይሰጣል፣ ወይም እንደ ፎረፎር ይረግፋል። እዚያ ላይ የሚለጠፍ መጣፊያ ከሚረግፈው ጋር አብሮ ይረግፋል። ሁለተኛው ምልክት የፀሐይ ጉዳት ነው፤ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ሐዋሳ ድንኳን ለወራት ተተክሎ ቢውል፣ ናይለኑ ሳይታይ ይደክማል። ከቅዳዱ ራቅ ብለው ጨርቁን በሁለት አውራ ጣቶች መካከል ይዘው በመጠኑ ጠበቅ አድርገው ይሳቡት፤ እንደ ወረቀት ድምፅ አሰምቶ ከተቀደደ ገንዘብዎን አያውጡበት። ፎቶግራፍዎ ላይ ይህን አላየሁም፤ ፈተናውን ግን በእጅዎ ያድርጉት።

ጥገናው እንዳለቀ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሳይወጥሩት ይተዉት። ከዚያ ግቢዎ ውስጥ ተክለው፣ አውታሮቹን እንደ መንገዱ ጠበቅ አድርገው፣ አንድ ባልዲ ውኃ በማጠጫ ቆርቆሮ ወይም በተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ያፍስሱበት፤ እርስዎ ራስዎ ከውስጥ ሆነው የስፌቱን መስመር በደረቅ መዳፍ ይዳስሱት። ጠብታ ካገኙ ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው፣ ከደረቀ በኋላ እዚያው ላይ ማጣበቂያ ይጨምሩበት። ለሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ቀጭን መርፌ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ የተጠቀለለ የፖሊስተር ክር፣ ተቆርጦ የተዘጋጀ የጃንጥላ ጨርቅ፣ ለመርፌ መውጊያ የሚያገለግለው የታሸገ የአልኮል ጨርቅ፣ ምላጭና ትንሿን ማስቲሽ ከብስክሌቱ መፍቻዎች ጋር በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ ማስቲሹን ለብቻው በላስቲክ ቋጥረው፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም።